የሚያበራው ቆሻሻው ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ገበያ ያለው ሱቅ ሁሉ አንድ ሐምራዊ መብራት አያጣም። አንዳንዱ ከሒሳብ ማሽኑ ጎን የተቀመጠ ትንሽ ሳጥን ነው፤ አንዳንዱ ከቁልፍ ጋር የተንጠለጠለ፣ ጣት የምታክል ባትሪ። ባለሱቁ ባለ ሁለት መቶውን ይቀበልና መብራቱ ሥር ያንሸራትተዋል፤ ያየውን አይቶ ወደ መሳቢያው ይከተዋል። ደንበኛው ቅር ይለዋል። «ምነው፣ ሌባ መሰልኩህ?» የሚልም አለ። ሁለቱም ግን እዚያች ሐምራዊ ብርሃን ውስጥ ምን እንደተፈጠረ አይጠይቁም። ብሩ ቀን ላይ ያልነበረውን ቀለም አወጣ፤ በቃ፣ ደህና ነው ማለት ነው።

እዚያው ሱቅ ጣሪያ ላይ ደግሞ ረጅም ነጭ አምፖል አለ። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ፍሎረሰንት። «ፍሎረሰንቱ ተቃጠለ»፣ «ፍሎረሰንቱ እያርገበገበ ዓይኔን አጠፋው» እንላለን። ቃሉ የድንጋይ ስም መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው ያነበብኩት። የብር መፈተሻውም፣ የጣሪያው አምፖልም፣ በጨለማ እንደ ፍም የሚቀሉ ድንጋዮችም የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነው። ስለዚያ ሕግ ልጽፍ ነው የተነሳሁት። መሃል ላይ አንድ ቀለበት ይገባል፤ እሱን ማለፍ ስለማልችል ነው።

*

ጂኦሎጂ ነው ያጠናሁት። አራት ዓመት ድንጋይ ስሰብር ከርሜ ስመረቅ፣ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ሁሉ «የሥራ ልምድ» ይለኝ ጀመር። እናም አሁን አክስቴ ሱቅ ውስጥ ነኝ፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ፣ ዳቦ። የሰፈሩ ልጆች «ኢንጂነር» ይሉኛል። እንዳልሆንኩ መናገር ትቻለሁ።

የብር መፈተሻ ባትሪዋን የገዛኋት መርካቶ ነው። ሻጩ «ለብር ነው?» አለኝ። «ለድንጋይ ነው» ስለው እንደ ቀልድ ቆጥሮት ሳቀ። ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ እቤት ገብቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ ያገኘሁት ነገር ላይ ሁሉ ማብራት ጀመርኩ። በር ላይ የተሰቀለው የእናቴ ነጠላ በሰማያዊ ነበልባል የተያያዘ መሰለ። እናቴ አማተበች። ምክንያቱ ግን ኦሞ ነው። የልብስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመር ቅመም አለ፤ ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጥና ሰማያዊ አድርጎ ይመልሰዋል። ፀሐይ ላይ የወጣ ነጭ ልብስ ከነጭ በላይ ነጭ የሚመስለው በዚህ ነው። ጥርስም ያበራል። ቫዝሊንም ያበራል። ጊንጥ ደግሞ ሙሉ አካሏ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ እሷን እቤቴ አላገኘኋትም፣ ተመስገን።

ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀትም እንደ ነጠላው ሰማያዊ ሆኖ ይጮኻል፤ ውስጡ ያው ቅመም አለበት። የብር ወረቀት ግን ያለዚያ ቅመም ስለሚሠራ ጨለም ብሎ ይቀራል፤ ሆን ተብለው የገቡት ቀለሞችና ክሮች ብቻ ናቸው ብቅ የሚሉት። ስለዚህ አክስቴ ፊዚክስ ሳትማር የምታውቀው አንድ ሕግ አለ፦ ሁለመናው የሚያበራ ብር ሲመጣባት ትጠረጥራለች። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልገዋለሁ።

ከዚያ ወደ ድንጋዮቼ ዞርኩ። አዲስ አበባ የተሠራችበት ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልቱ፣ ምንም አላሳየኝም። መብራቱን አፍንጫው ላይ ብደቅንበትም ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ለመስክ ልምምድ አባይ በረሃ ስንወርድ የያዝኩት የካልሳይት ቁራጭ ደብዘዝ ያለ ፍካት ሰጠኝ። የደላንታ ልጅ የሆነ የክፍል ጓደኛዬ የሰጠኝ ኦፓል፣ ቀን ላይ ቀስተ ደመና የሚረጨው፣ በዚህ መብራት ሥር ወተት መሰለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘው ክምችት የወጣ ነው። ቀን ላይ የሚያስደምመው በጨለማ አፈረ፤ ቀን ላይ ማንም የማያየው ካልሳይት ደግሞ አበራ።

*

ነገሩን በስም የጠራው ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ ነው፤ አየርላንድ የተወለደ፣ ካምብሪጅ የሚያስተምር የሒሳብና የፊዚክስ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1852 ባሳተመው ጥናት ላይ ያደረገው ሙከራ ለመናገር ቀላል ነው። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በተነ፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ እያለ እስከ ሐምራዊ ተዘረጋ። ከዚያ የኪኒን ውሕድ የያዘ ብልቃጥ ወስዶ በቀለሞቹ ላይ አሳለፈው። በቀዩ ላይ ምንም። በአረንጓዴው ላይ ምንም። ከሐምራዊው አልፎ፣ ዓይን ጨለማ ብቻ የሚያይበት ቦታ ሲደርስ፣ ብልቃጡ በሰማያዊ በራ።

ኪኒን ያኔ የወባ መድኃኒት ነው። ዛሬ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለው ከዚሁ ስም ነው። እናም ጨለማ በተባለው ቦታ ብርሃን መኖሩን የመሰከረው ያ መድኃኒት ነው፤ የማይታየውን ወስዶ በሚታይ ሳንቲም መነዘረው።

ስቶክስ ለዚህ ነገር ስም ሲፈልግ ወደ ማዕድን ዞረ። ፍሉር ስፓር ወይም ፍሎራይት የሚባል ድንጋይ አለ፤ አንዳንድ የእንግሊዝ አገር ክሪስታሎቹ እንደ ኪኒኑ ሰማያዊ ያወጣሉ። ስለዚህ «ፍሎረሰንስ» አለው። የራሱ ማስታወሻ እንደሚለው፣ «ኦፓለሰንስ» የሚለው ቃል ከኦፓል እንደወጣ ሁሉ ይኸኛውም ከማዕድን ስም ይውጣ ብሎ ነው። ጣሪያችሁ ላይ ያለው አምፖል ስሙን ያገኘው እንግዲህ እንደዚህ ነው። ሥራውም ያው ነው። በአምፖሉ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት የሚያወጣው ብርሃን በአብዛኛው ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ነው። የመስታወቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ የተቀባው ነጭ ዱቄት ነው ያንን ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን የሚቀይረው። ማታ ማታ የምናጠናው፣ ሽንኩርት የምንከትፈው፣ የምንጣላው በሚያበራ የማዕድን ዱቄት ሥር ነው።

እንዴት እንደሚሆን በሱቅ ቋንቋ ልንገራችሁ። አልትራቫዮሌት ትልቅ ብር ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ብዙ ጉልበት ይዞ ይመጣል። ድንጋዩ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ያንን ጉልበት ተቀብሎ ወደ ላይ ይዘላል። እዚያ መቆየት አይችልም። ሲወርድ ጥቂቱን ጉልበት በንዝረት መልክ ለድንጋዩ ይተዋል፤ የቀረውን በብርሃን መልክ ያወጣል። የተመለሰው ከተሰጠው ያንሳል። ያነሰ ጉልበት ያለው ብርሃን ደግሞ ዓይናችን የሚያየው ነው፦ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። የማይታይ ገብቶ የሚታይ ይወጣል፤ መሃል ላይ ኮሚሽን ተቆርጦ።

*

ግን ሁሉም ድንጋይ ለምን አያደርገውም? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው።

አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ፍራንክሊን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ራሷን «የዓለም የፍሎረሰንት ማዕድናት መዲና» ብላ ትጠራለች፤ ጉራ ብቻ አይደለም። ከእሷና ከጎረቤቷ ከስተርሊንግ ሂል የዚንክ ማዕድን ማውጫዎች ከ350 በላይ የማዕድን ዓይነቶች ተለይተዋል፤ ከእነዚህ ከ80 የሚበልጡት በአልትራቫዮሌት ሥር ያበራሉ። ዚንክ ማለት የጣሪያችን ቆርቆሮ ቶሎ እንዳይዝግ የሚለበጥበት ብረት ነው። ሠራተኞቹ የሚፈልጉት እሱን እንጂ ቀለም አልነበረም። ነገር ግን ዚንኩን የተሸከመው አንዱ ማዕድን፣ ዊለማይት የሚባለው፣ በአልትራቫዮሌት እንደ እሳት ሆኖ አረንጓዴ ይበራል። ስለዚህ ከማበጠሪያው የሚጣለውን ተረፈ ድንጋይ በዚህ ብርሃን ያዩታል፤ አረንጓዴ ካዩ ዚንክ እየባከነ ነው። እንግዲህ ያ ብርሃን እዚያም ሥራው ቁጥጥር ነበር፤ እንደ አክስቴ።

የፍራንክሊኑ ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1954 ተዘጋ፣ ስተርሊንግ ሂል በ1986። ስተርሊንግ ሂል ዛሬ ሙዚየም ነው። ጎብኚዎች ወደ ዋሻው ይገባሉ፣ መብራት ይጠፋል፣ ሌላኛው መብራት ይበራል። እኔ ያየሁት በዩቲዩብ ነው፤ ግን በስልክ መስታወት ላይ እንኳ ያስደነግጣል። አመድ የመሰለው ግድግዳ በአንዴ ቀይና አረንጓዴ ይሆናል። ቀዩ ካልሳይት ነው፣ አረንጓዴው ዊለማይት። በመካከላቸው እንደ ቀዳዳ ጥቁር ሆነው የሚቀሩ ነጥቦች አሉ፤ እነሱ ፍራንክሊናይት የሚባለው ብረት ያለበት ማዕድን ናቸው።

አሁን ጆሮ ስጡኝ። ንጹህ ካልሳይት ቀይ አያበራም። ንጹህ ዊለማይትም አረንጓዴ አያበራም። የሁለቱንም ብርሃን የሚያወጣው በጥቂቱ የገባባቸው ባዕድ ነገር ነው፤ ማንጋኒዝ። ድንጋዩ ሲፈጠር በካልሲየሙ ወይም በዚንኩ ቦታ ላይ አልፎ አልፎ ማንጋኒዝ ይገባል፤ ያልተጋበዘ እንግዳ። እሱ ነው የሚያበራው። አንድ ዓይነት እንግዳ ካልሳይት ቤት ሲገባ ቀይ፣ ዊለማይት ቤት ሲገባ አረንጓዴ የሚሆነው ደግሞ የቤቱ አሠራር ስለሚለያይ ነው። መምህራችን ይህን ሲያስረዳን ሰሌዳው ላይ ትልቅ አድርጎ «ቆሻሻ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። የኬሚስትሪ ተማሪዎች የሚያጣሩት፣ እኛ ግን የምንፈልገው ቆሻሻ።

ልኩ ደግሞ እንደ ወጥ ጨው ነው። ካነሰ ምንም የለም፤ ከበዛ እንግዳዎቹ ጉልበቱን እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ያጠፉታል፣ ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሁሉም ቆሻሻም አያበራም። ብረት ገዳይ ነው። በጥቂቱ እንኳ ሲገባ ኤሌክትሮኑ ሊያበራበት የነበረውን ጉልበት ዝም ብሎ ይወስድበታል። የኛ ደጋ በሰፊው የተሸፈነው ብረት በሞላበት ባዛልት ነው፤ ያ ጥቁር ድንጋይ አፍንጫው ላይ ሳበራበት ዝም ያለኝ ለዚህ ነው።

*

ቀለበቱ እዚህ ይገባል።

እታለም የምንላት ታላቅ እህቴ ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርታ ዓምና ተመለሰች። አገሩን አልጠራም፣ አሠሪዋንም አልጠራም። የመጨረሻውን የስምንት ወር ደመወዝ «ስትሄጂ በአንድ ላይ» እያሉ አቆዩባት። የመሄጃዋ ቀን ሲደርስ ማዳሟ ከጣቷ ላይ ቀለበት አውልቃ ሰጠቻት። «ሩቢ ነው፤ ከስምንት ወሩ ይበልጣል» አለቻት። ሻንጣው ታስሯል፣ መኪናው በር ላይ ነው፣ ፓስፖርቷ በማዳሟ ባል እጅ ነው። ምን ትበል?

ቀለበቱን በመሐረብ ቋጥራ ጉያዋ ውስጥ ይዛው መጣች። ለወራት ማንም አላየውም። ሐሳብ ነበራት፤ ሁለት ትልልቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ለሆቴሎች እንጀራ ማቅረብ። ሒሳቡን በደብተር ጽፋዋለች፦ ጤፍ ይህን ያህል፣ ኪራይ ይህን ያህል። ከገጹ አናት ላይ «ቀለበት» የሚል ቃል አለ፤ ከፊቱ ቁጥር የለውም።

አንድ ማታ እኔ ባትሪዬን ይዤ ድንጋዮቼን ሳገላብጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ወንድማለም፣ አንተ ድንጋይ አይደል የተማርከው?»

«እሱማ።»

«እስቲ ይሄን እየው።»

መብራቱን አጠፋሁትና ባትሪዋን አበራሁ። ድንጋዩ በቃ ፍም ሆነ። ቀይ የተቀባ ሳይሆን ከውስጥ የሚነድ ቀይ፤ የእህቴን ጣቶች ጫፍ አቀላቸው። እናቴ ከወዲያ ማዶ «ተመስገን!» አለች። እታለም ምንም አላለችም። ፊቷን ግን በዚያ ቀይ ብርሃን አየሁት፤ ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ሆና አላየኋትም።

«ቆዪ፣ ገና ነው» አልኳት።

ያ ብርሃን ምን እንደነገረኝ ላስረዳ። ሩቢ ኮረንደም የሚባል ማዕድን ነው፤ አሉሚኒየምና ኦክስጅን። ንጹሁ ቀለም የለውም። ከአሉሚኒየሙ ጥቂቱ በክሮሚየም ሲተካ ይቀላል፤ ያው ክሮሚየም የአልትራቫዮሌቱንም፣ የሐምራዊውንም፣ የአረንጓዴውንም ብርሃን ውጦ ቀይ ያወጣል። የኔዋ ርካሽ ባትሪ እውነተኛውን አልትራቫዮሌት ብዙም አታወጣም፤ ከሐምራዊው ድንበር ላይ ነው የምትሠራው፣ 395 ናኖሜትር አካባቢ። ለክሮሚየም ግን ይበቃዋል። ስለዚህ ቀለበቱ ላይ ያለው ድንጋይ ጋርኔት አልነበረም፤ ጋርኔት ቢሆን ብረቱ አፍኖት እንደ ከሰል ዝም ይል ነበር። ተራ ቀይ ብርጭቆም እንዲህ አይነድም። ይህ ሁሉ ለእህቴ ጥሩ ዜና ነበር።

ጥሩ ያልሆነው ዜና የአክስቴ ሕግ ነው። ከመሬት የወጣ ሩቢ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ብረት አያጣም፤ ብርሃኑ እንደ ብረቱ መጠን ይደበዝዛል። የታይላንዱ ከበርማው ይልቅ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። የበርማው የሞጎክ ሩቢ በእብነ በረድ ውስጥ ስለተፈጠረ ብረቱ ትንሽ ነው፤ በኃይል ይበራል። በኃይል የሚበራ ሌላም አለ። ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ሩቢ፣ ከተጣራ ዱቄት ስለሚሠራ፣ ክሮሚየም እንጂ ብረት የለበትም። የሚያጠፋው ነገር ስለሌለ ይነዳል። መብራቱ እንግዲህ ሁለት መልስ ነው የሰጠኝ፦ ወይ ከዓለም ምርጡ ነው፣ ወይ ከሁሉ ርካሹ።

ሉፔን አወጣሁ። አሥር ጊዜ የሚያጎላ የመስክ ሉፕ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ የቀረኝ ንብረት እሱ ነው። ድንጋዩን ወደ አምፖሉ አዘንብዬ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ከመሬት የወጣ ሩቢ ሲያድግ የሚተዋቸው መስመሮች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ማዕዘን ይሠራሉ። በእሳት የተሠራው ግን የሚያድገው ክብ ጉልላት ላይ እየተንጠባጠበ ስለሆነ መስመሮቹ ይጎብጣሉ። የድሮ የሸክላ ዘፈን ላይ ያሉትን ክሮች አስቡ። እነሱን ነው ያየሁት። ጥርት ያሉ፣ ጎባጣ፣ እርስ በርስ የሚከተሉ። አንዲት ክብ የአየር አረፋም ነበረች።

«ሩቢ ነው» አልኳት። «ግን መሬት የሠራው አይደለም፤ ሰው የሠራው ነው።»

«ሩቢ ከሆነ ታዲያ?»

«ዋጋው ነው የሚለየው።»

«ስንት?»

«የድንጋዩ የአንድ ሰው ምሳ ቢሆን ነው።»

እናቴ መብራቱን አበራችው። እታለም ቀለበቱን ተቀበለችኝና በመሐረቡ መልሳ ቋጠረችው። በማግስቱ የከበሩ ድንጋዮች ወደሚነግድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ጋ ወሰድነው። ማይክሮስኮፕ አለው። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። መንገድ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ፦ «አውቃ ነው?» ማዳሟን ማለቷ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ በወርቅ ታስሮ መሸጥ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሴትየዋም ራሷ ሩቢ ነው ተብላ የተሰጣት ሊሆን ይችላል። አልኳት። «ደመወዜንስ? እሱንም ተሰጥቷት ነው?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

*

ያንን ድንጋይ የፈለሰፈው ኦጉስት ቨርኑይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ ዘዴውን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1902። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ጥቂት ክሮሚየም ተጨምሮበት ከላይ እየተነሰነሰ ይወርዳል። ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚነድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ነበልባል መካከል ሲያልፍ ይቀልጣል፤ ከታች ጠብ እያለ አንድ ላይ ይረጋል፣ እንደ ሻማ ፍሳሽ ወደ ላይ ያድጋል። መሬት እጅግ ረጅም ዘመን የወሰደባትን ነገር በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። ኬሚስትሪው አንድ ነው። ጥንካሬው አንድ ነው። ቀለሙም አንድ ነው።

ርካሽ ሲሆን ደግሞ ሥራ አገኘ። የአባቴ የእጅ ሰዓት መደብ ላይ «17 ጁዌልስ» ይላል። ልጅ ሳለሁ ውስጡ አሥራ ሰባት ዕንቁ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴም «አለ» ይለኝ ነበር። ልክ ነው፣ አለ። የሰዓቱ ጥርሶች የሚሽከረከሩባቸው ጥቃቅን መቀመጫዎች የተሠሩት ከዚሁ ከሰው ሠራሽ ሩቢ ነው፤ ብረት ብረትን እየበላ እንዳይጨርስ።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1960 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሂዩዝ የምርምር ላቦራቶሪ ቴዎዶር ሜይማን የተባለ የፊዚክስ ሰው ሰው ሠራሽ የሩቢ ዘንግ ወሰደ፤ ከጣት አይበልጥም። እንደ ጥምጥም በሚዞር የፎቶግራፍ ፍላሽ ከበበው። ፍላሹ ሲበርቅ ክሮሚየሞቹ በአንዴ ዘለሉ፣ በአንዴም ወረዱ፤ የሚያወጡት ቀይ ብርሃን ሁሉ በአንድ አቅጣጫና በአንድ እርምጃ ሆነ። የመጀመሪያው ሌዘር ይህ ነው። የእህቴን ጣቶች ያቀላው ቀይና የመጀመሪያው ሌዘር ያወጣው ቀይ አንድ ዓይነት ቀይ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ ወደ 694 ናኖሜትር ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለእታለም ነገርኳት። ማጽናናት ፈልጌ ይሁን ማወቄን ማሳየት፣ እንጃ። ሰማችኝ፤ ሰዓቱንም አስወልቃ አየችው። ከዚያ «ጥሩ ነው፤ ጤፍ ግን አይገዛም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንድ ነገር ምን እንደሆነና ስንት እንደሚያወጣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የተማርኩት ለመጀመሪያው መልስ መስጠት ነው። ሰው ሱቅ የሚመጣው፣ ወርቅ ቤት የሚሄደው፣ ዓረብ አገር የሚሰደደው ግን ሁለተኛውን ይዞ ነው። ለኔ ያ ድንጋይ እጄ ከገባው ሁሉ ቆንጆው ነው፤ ለእሷ ስምንት ወር ነው።

*

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወርቅ ቤት ሄድን። ሰውየው ቀለበቱን ገልብጦ ማህተሙን በሉፕ አየ። «ባለ አሥራ ስምንት ነው፤ ደህና ወርቅ ነው» አለ። ከዚያ በቀጭን ጉጠት አራቱን ጥርስ ቀና ቀና አደረጋቸውና ድንጋዩን አወጣው። «ድንጋይ አንመዝንም» አለን፣ ያልጠየቅነውን። አራት ግራም ከምናምን ሆነ። ሒሳቡን በማሽን መትቶ አሳየን። እታለም በስልኳ ወደዚያኛው አገር ገንዘብ መልሳ አሰላችው። የአንድ ወር ደመወዟን ለመሙላት ጥቂት ይጎድለዋል።

ሰውየው ብሩን ቆጠረና እያንዳንዱን ሐምራዊዋ መብራት ሥር አሳልፎ ሰጣት። «ይሄንንስ?» አለ ድንጋዩን በጣቱ እየገፋ። እታለም ወደኔ ገፋችው። «ያንተ ትምህርት ነው» አለችኝ። አሁን በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከካልሳይቱና ከኦፓሉ ጋር ነው። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ልጆች ሱቁ መስኮት ላይ ይሰበሰባሉ፤ «ኢንጂነር፣ ፍሙን አሳየን» ይሉኛል።

እቤት እንደገባን እህቴ ደብተሯን አወጣች። «ቀለበት» ከሚለው ቃል ፊት ቁጥሩን ጻፈች። ከዚያ ስልኳን ከፍታ፣ ዋትስአፕ ላይ የማዳሟን ስም ፈልጋ፣ በዓረብኛ ድምፅ ቀዳች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ሱቅ ላይ የዱቤ ሒሳብ የሚያስታውስ ሰው ድምፅ ነበር። ሲያልቅ ምን እንዳለች ተረጎመችልን፦

«ማዳም፣ ሰላም ነሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ቀለበቱን አስመዘንኩት። አንድ ወር ሆነ። ትንሽ ይጎድለዋል፣ እሱን ትቼልሻለሁ። ሰባት ወር ይቀራል።»

መልእክቱ ሥር ያሉት ሁለት ምልክቶች በማግስቱ ሰማያዊ ሆኑ። መልስ የለም። በየወሩ መጀመሪያ እንደገና ትቀዳለች፤ ሰላምታው ይለያያል፣ ቁጥሩ አይለያይም። ባለፈው ሳምንት የላከችው አራተኛው ነው። እሱንም ሰምታዋለች።